ሕፃን ይዞ ስሜን መውጣት

«ልጅና ፊት አይበርደውም» የሚለውን የአባቶቻችንን አነጋገር የማያውቅ የለም። እኔም ይህን አነጋገር እንደ ሕግ ይዤ፣ በኅዳር ወር 2012 ዓ.ም. ባለቤቴንና ሦስት ልጆቼን አሳፍሬ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቼ ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጥቼ ነበር። የአነጋገሩ እውነትነት እስከ የት እንደሚደርስ የተረዳሁት ግን ከደባርቅ በላይ ነው። እዚያ ልጅም ይበርደዋል፣ ፊትም ይበርደዋል። ከብርዱም የባሰ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ጕዞዬን ለማውራት ብቻ አይደለም። ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችና ተማሪዎች አዘውትረው የሚከራከሩበት አንድ ጥያቄ ስላለ ነው። ይኸውም፦ ሕፃናትን ይዞ ብሔራዊ ፓርክ መሄድ ይገባልን ወይስ አይገባም? የሚል ነው። ተማሪዎችም «ይህ የወላጆች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት እለምናለሁ። ዛሬ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች አሏችሁ፤ ነገ ደግሞ እናንተው ወላጆች ትሆናላችሁ።

ጕዞውን ሳስብ ከጎረቤቶቼ መካከል አንዲት እትዬ የምላቸው ትልቅ ሴት፣ «የሦስት ዓመት ልጅ ምን ያስታውሳል ብለህ ነው? ገንዘብህን ለገደል ልታበላ ነው እንጂ!» ብለውኝ ነበር። በመሥሪያ ቤት የሚገኝ አንድ ወዳጄ ደግሞ፣ «ልጅ እንደ ሻንጣ ነው፤ ጭነህ ውሰደው፣ ጭነህ መልሰው» አለኝ። እኔ የእትዬን ምክር ንቄ የወዳጄን ተቀበልሁ። ዛሬ ሳስበው ሁለቱም ተሳስተው ነበር። የእኔ ስሕተት ግን ከሁለቱም ይበልጣል።

የሄድንበትን ቦታ ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ልበል። ሰዎች ዱርን አጥረውና ጠብቀው ለሕዝብ መጎብኛ እንዲሆን ማድረግ የጀመሩት በአሜሪካ አገር ሲሆን፣ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ የሎውስቶን እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1872 ተቋቋመ። በአገራችን ደግሞ የስሜን ተራሮች ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ታውጆ ተከለለ። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ 12 ቦታዎችን ሲመዘግብ፣ ከእነዚያ ከአሥራ ሁለቱ መካከል ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ አንዱ ላሊበላ፣ ሁለተኛው ስሜን። የሎውስቶንም የተመዘገበው በዚያው ጊዜ ነው። እንግዲህ በዕድሜ የሚበልጠን ፓርክ በመዝገብ ላይ እኩያችን ሆነ ማለት ነው።

ነገር ግን ክብር ሲሰጥ ኃላፊነትም አብሮ ይሰጣል። የዋልያው ቁጥር በመመናመኑ፣ እርሻውና ግጦሹ ወደ ውስጥ በመግፋቱ፣ መንገድም ፓርኩን ሰንጥቆ በማለፉ፣ ስሜን በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ከሚገኙ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው ከሃያ ዓመት በኋላ በ2009 ዓ.ም. ነው። ይህም የሆነው የግጭ ሰፈር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ከአባቶቻቸው ቀዬ ተነሥተው ወደ ደባርቅ እንዲሰፍሩ ከተደረገ በኋላ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በበጋው መጨረሻ ደግሞ ጓሳውና አስታው በእሳት ተያይዞ፣ የአካባቢው ሰው በቅጠልና በአፈር ሲታገለው ከርሞ፣ ከእስራኤል አገር ሳይቀር እሳት አጥፊዎች መጥተው እንደ ረዱ ሁላችንም ሰምተናል። እኛ የደረስነው ከዚያ ቃጠሎ በኋላ በስምንተኛው ወር ገደማ ነው።

አሁን ወደ ጕዞዬ ልመለስ። ልጆቼ በዚያን ጊዜ የዘጠኝ፣ የስድስትና የሦስት ዓመት ነበሩ። ከፍኖተ ሰላም እስከ ባሕር ዳር ወደ 180 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ዳር እስከ ጎንደርም እንዲሁ ወደ 180 ኪሎ ሜትር፣ ከጎንደር እስከ ደባርቅ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ሁሉ በሁለት ቀን ገሠገሥንበት። እኔ በልቤ አንድ ነገር ብቻ ይዤ ነበር፤ ዋልያን ሳላይ አልመለስም የሚል። ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር ሌላ አገር የለውምና፣ ልጆቼ ሌላ ምንም ባያዩ እርሱን ይዩ ብዬ ነው። መካከለኛዋ ልጄ ግን ዋልያ የሚለውን ስም የምታውቀው ከብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን ነበርና፣ ደባርቅ ስንደርስ «አባዬ፣ ዋልያዎቹ እዚህ ነው የሚለማመዱት?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳቅን። በኋላ ሳስበው ግን የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም። አንበሳንና የሜዳ አህያን ከቴሌቪዥን ለይታ የምታውቅ ልጅ፣ የገዛ አገሯን እንስሳ የምታውቀው በማልያ ላይ ነው።

በደባርቅ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት የመግቢያውን ከፍለን፣ ደንቡ እንደሚያዘው ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ተመድቦልን ጕዞ ጀመርን። ጠባቂው ጋቢያቸውን የደረቡ፣ ንግግራቸው ጥቂት የሆነ ሽማግሌ ነበሩ። «አያ» እያልን ነው የጠራናቸው። ሳንቃበር አካባቢ ስንደርስ ከመንገዱ ዳር ባለው ሜዳ ላይ የጭላዳ መንጋ ተበትኖ አገኘን። ከመቶ የሚበልጡ ይመስለኛል። ልጆቹ ከመኪናው ወርደው ቆሙ። ከዚያ በኋላ ማንቀሳቀስ አቃተን።

እኔ ሰዓቴን እያየሁ «እንሂድ፣ እንሂድ፣ ዋልያው ያለው ጨነቅ ነው» እላለሁ። ልጆቹ ግን አይሰሙኝም። ታላቁ ልጄ ጭላዳዎቹ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣር እየነጩ ሲበሉ አይቶ፣ «እንደ አረም ነቃይ ናቸው!» አለ። እውነቱን ነው፤ ከዝንጀሮ ወገን እንደ ጭላዳ ሣር በመብላት የሚኖር ሌላ የለም። ስለዚህም ነው አያ ልጆቹን «ብስኩታችሁን አታሳዩአቸው፤ እነርሱ ምግባቸው ሣር ነው፣ ብስኩት ከለመዱ ከሰው እጅ መንጠቅ ይማራሉ» ብለው የመከሯቸው። መካከለኛዋ ልጄ ደግሞ አንዲት እናት ጭላዳ ግልገሏን በጀርባዋ አዝላ ስትሄድ አየችና፣ «እማዬ፣ ያለ አንቀልባ እንዴት አይወድቅም?» አለች። ትንሹ ምንም አልተናገረም። የወንዱን ደረት ላይ ያለውን ቀይ እያየ አፉን ከፍቶ ቆመ እንጂ።

እኔ ግን አስቸኮልኋቸው። በመጀመሪያው ቀን ከደባርቅ በላይ ማደር ሲገባን፣ ሳንለምደው በአንድ ጊዜ እስከ ጨነቅ እንድንወጣ ወሰንሁ። ስሕተቴም ይኸ ነበር። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጨነቅ ግን ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ ሰው በእያንዳንዱ ትንፋሹ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ወደ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው። ይህን ዛሬ አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ደገኛ መሆን ጋቢ መደረብ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከቀትር በኋላ ትንሹ ልጄ የሰጠነውን ቂጣ አልበላም አለ። ቀጥሎ ያለ ምክንያት ማልቀስ ጀመረ። እናቱ «ልጁ ደኅና አይደለም፣ እንመለስ» ስትለኝ፣ እኔ «መኪናው አንገላቶት ነው፣ ጥቂት ነው የቀረን» አልኋት። ጨነቅ ደርሰን ከመኪና እንደ ወረድን አስመለሰው። ከንፈሩ ገረጣ፤ ራሱን በእጁ ይዞ ከእናቱ ትከሻ ላይ ወደቀ። የሦስት ዓመት ልጅ «ራሴን አመመኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ» ብሎ አይናገርም። የሚናገርለት ምግብ መጥላቱና ማልቀሱ ነው። እኔ ግን ሁለቱንም አይቼ ሳልሰማ ቀረሁ።

በዚያች ሰዓት አያ ወደ ገደሉ ጫፍ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ዋልያው ከዚህ ሥር ከጥላው ውስጥ ነው ያለው። ግማሽ ሰዓት ብትታገሥ ይወጣልሃል» አሉኝ። እኔም ወደ ገደሉ አየሁ፤ ልጄንም አየሁ። ወንድሞቼ፣ እውነቱን ልናገርና ለጥቂት ጊዜ አመነታሁ። አያ አይተውኝ ኖሮ፣ «ልጄ፣ ዋልያው የትም አይሄድም፤ አገሩ ነው። ሕፃኑን ይዘህ ውረድ» አሉኝ። ዞረን ወረድን። ቁልቁል ስንወርድ የልጁ ፊት ቀስ በቀስ እየተመለሰ ሄደ። ደባርቅ ስንደርስ ሻይ ጠየቀ፤ ማታውን ከወንድሙ ጋር ይጣላ ጀመር። ሲጣሉ ደስ ብሎኝ የማያውቅ አባት ያን ማታ ደስ አለኝ።

እንግዲህ ዋልያውን ሳላይ ተመለስሁ። እትዬም በመመለሴ «አላልሁህም?» አሉኝ። እኔ ግን ከጕዞው ያገኘሁት አሳብ ከእትዬ አሳብ ጋር አይስማማም። ሕፃናትን ወደ ፓርክ አትውሰዱ አልልም። በሕፃናት ልክ ውሰዱ ነው የምለው።

ልኩ ምንድን ነው? ቢባል እንዲህ ይመስለኛል። አንደኛ፣ ወደ ከፍተኛ ቦታ የሚወጣ ቤተ ሰብ በደረጃ ይውጣ። አንድ ሌሊት ደባርቅ፣ ቢቻል ሌላም ቀን ሳይጣደፍ ይደር። ሕፃን ምግብ ከጠላ፣ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ያለ ልማዱ ከነጫነጨ ወይም ከፈዘዘ፣ መድኃኒቱ ማባበል ሳይሆን ወዲያው ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድና ሐኪም ማሳየት ነው። ሁለተኛ፣ የቀኑ ፀሐይ ፊት ይልጣል፣ የሌሊቱ ቍር አጥንት ይሰብራልና ባርኔጣም ወፍራም ልብስም አብሮ ይያዝ። ሦስተኛ፣ በገደል አፋፍ የልጅ እጅ ከታላቅ ሰው እጅ አይለይ፤ ለፎቶግራፍ ብሎ ሕፃንን ወደ ጫፉ የሚያስጠጋ ሰው አባት መባል አይገባውም። አራተኛውና ትልቁ፣ ልጁ ቆሞ ማየት በፈለገበት ቦታ እኛም እንቁም። ልጆቼ ዛሬም ድረስ የሚያወሩት እኔ ካስቸኰልኋቸው ከዚያ ሜዳ ነው። እኔ ልወስዳቸው ስለ ደከምሁበት ስለ ጨነቅ የሚያነሣ የለም።

«ትንሽ ልጅ ምን ያስታውሳል?» ለሚሉትም መልስ አለኝ። በእርግጥ ትንሹ ልጄ ዛሬ ጕዞውን አያስታውስም። ነገር ግን እናት ለልጇ የምትዘፍነውን እሹሩሩ የሚያስታውስ ማን አለ? ማንም የለም። ይህን ብሎ እሹሩሩዋን የተወች እናት ግን አልሰማንም። ከጕዞው በፊት ያ ልጅ ወፍ ባየ ጊዜ ድንጋይ ያነሣ ነበር። ከጕዞው በኋላ ቆሞ ማየት ጀመረ። ምናልባት ዕድሜው ይሆናል ያመጣው፤ እኔ ግን ታላላቆቹ ቆመው ሲያዩ በማየቱ ነው እላለሁ። ልጅ የሚማረው ከስብከት ይልቅ ከአጠገቡ ሰው አቋቋም ነውና።

ከሁሉ ይልቅ ከልቤ ያልወጣው ሌላ ነገር ነው። ከጭላዳዎቹ ሜዳ አጠገብ ከሱፍ የተሠራ ባርኔጣ የሚሸጥ፣ ከታላቁ ልጄ ጋር እኩያ የሆነ ልጅ አግኝተን ነበር። ባርኔጣውን ስገዛው ልጄን አተኩሮ አየውና፣ «ምን ልታዩ ነው የመጣችሁት?» አለው። ልጄም «ጭላዳ» አለው። ያኛው ልጅ ተገረመ። «እነዚህን? እነዚህ እኮ ገብሳችንን ነው የሚጨርሱት!» አለ። ልጄ የሚመልሰውን አጥቶ ወደ እኔ ዞረ። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም።

አንባቢ ሆይ፣ የስሜን ነገር ሁሉ በእነዚህ ሁለት ልጆች መካከል ያለ ይመስለኛል። አንዱ ሩቅ አገር አቋርጦ ገንዘብ ከፍሎ ያየዋል፤ ሌላው ማለዳ ማለዳ ከገብስ ማሳው በወንጭፍ ያባርረዋል። ፓርኩን ነገ የሚጠብቀው ወይም የሚያቃጥለው ግን የእኔ ልጅ አይደለም፣ ያ ባርኔጣ ሻጩ ነው። ስለዚህ ሕፃናትን ወደ ፓርክ ውሰዱ ስል የከተማ ልጆችን ብቻ ማለቴ አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ በመምህር ተመርተው፣ እንግዳ ተብለው፣ ሻይና ዳቦ ተሰጥቷቸው ሊገቡ የሚገባቸው የፓርኩ ጎረቤት ሕፃናት ናቸው። ዋልያን እንደ ባለጋራ ሳይሆን እንደ ሀብት የሚያዩት፣ ከጎብኚው ገንዘብ ለትምህርት ቤታቸውና ለገብሳቸው ካሣ የሚሆን ነገር ሲደርሳቸው ነው። ባዶ ሆድ ላለው ሕፃን የዓለም ቅርስ ማለት ትርጕም የለውም።

በትምህርትና በቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች ለምትሠሩ ወጣቶች አንድ አሳብ ላቅርብ። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ለሚመጡ ልጆች ጥያቄና ሥዕል ያለባት ትንሽ መጽሐፍ ትሰጣቸዋለች። ልጁ ያየውን እየጻፈ፣ እየሣለ ይሞላታል። በመጨረሻም ለጠባቂው አሳይቶ፣ ዱሩን ልጠብቅ ብሎ ቃል ገብቶ፣ በደረቱ ላይ የሚለጠፍ ምልክት ይቀበላል። ይህ ነገር ብዙ ወጪ የለበትም። በአማርኛና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን ጥቂት ገጽ ታትማ፣ ዋልያው፣ ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮው፣ ጅባራው፣ አስታው ቢሣልባት፣ ከአንድ የልጅ ጫማ ዋጋ የምትበልጥ አትመስለኝም። ቀይ ቀበሮ በመላው ዓለም የቀረው ከ500 አይበልጥም፤ እርሱም በአገራችን ብቻ ነው። ይህን አንድ ቍጥር የሚያውቅ የአሥር ዓመት ልጅ ከማያውቅ ሹም ይሻላል።

ገንዘብ የለንም ለምትሉም ወጣት ሠራተኞች፣ እውነታችሁን ነው። የእኛ ደመወዝ ለስሜን ቀርቶ ለወር አስቤዛም በችግር ይደርሳል። ነገር ግን ሦስት ቤተ ሰብ ተማክሮ አንድ መኪና ቢከራይ፣ ለልደትና ለምርቃት ከምንደግሰው ድግስ ግማሹን ብንቀንስ፣ በሁለት ሦስት ዓመት አንድ ጊዜ የማይቻል አይደለም። ድግሱን የበላ ሰው በማግሥቱ ይረሳዋል።

ዛሬ ግን ከገንዘቡም በላይ መንገዱ አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተነሣው ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልላችን የደረሰው ግጭት፣ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ሕፃናትን ይዞ ጎንደርን አልፎ መሄድን እንደ ዱሮው ቀላል አላደረገውም። ሰው ዘመዱን ለመጠየቅ በሚሰጋበት ጊዜ «ዋልያ እንይ» ማለት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔም በዚህ ጊዜ ልጅ ይዛችሁ ውጡ ብዬ ለማንም አልመክርም። ትንሹ ልጄ አሁን አድጎ «እኔ ዋልያ ያላየሁት በእኔ ምክንያት ነው አሉ፤ መቼ ነው የምንመለሰው?» እያለ ይጠይቀኛል። «ሰላም ሲሆን» እለዋለሁ። ይህ መልስ ለእርሱም ለእኔም እየረዘመብን ሄዷል።

እስከዚያው ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። የዱር ፍቅር የሚጀምረው ከደጅ ነው። ለፍኖተ ሰላም ልጅ ላህ ወንዝ አለለት። የቡሬ ልጅ፣ መንገዱ ደኅና በሆነ ቀን፣ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ዳር የእሳተ ገሞራ አፍ ውኃ ሞልቶት የተፈጠረውን ዘንገናን ሊያይ ይችላል። በሜጫ በኩል የቆጋ ግድብ በሰው እጅ የተሠራ ሐይቅ ቢሆንም፣ የውኃ ወፎች የሰው ነው ብለው አልናቁትም። በሰከላ ግሽ ዓባይ አለ። ጮቄ ላይም እንደ ስሜን ሁሉ ጅባራና ጓሳ ይበቅላል። ይህም ሁሉ ቢቀር በየደብሩ ዙሪያ አባቶቻችን ያቆዩልን ዛፍ አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጅን ይዞ ከዚያ ዛፍ ሥር ግማሽ ሰዓት መቀመጥ፣ «ይህች ወፍ ማን ትባላለች? ይህ ዛፍስ?» መባባል ምንም አያስከፍልም። እኛው ስሙን ካላወቅነው ደግሞ ሽማግሌ እንጠይቅ። ልጁ አባቱ ሲጠይቅ ማየቱም ራሱ ትምህርት ነው።

እንዲህ ያደገ ልጅ አንድ ቀን መንገዱ ሲከፈት ወደ ስሜን ቢወጣ እንግዳ አይሆንም። ጅባራውን ከጮቄ ያውቀዋል፤ ዝም ብሎ መቆምንም ከደብሩ ዛፍ ሥር ተምሮታል። በበኩሌ ያን ቀን ልጆቼን ይዤ እንደገና ስሄድ፣ ሰዓቴን ደባርቅ ላይ አውልቄ ለመግባት ቃል ገብቻለሁ። ዋልያው ቢወጣ እሰየው፤ ባይወጣም ልጆቼ በቆሙበት እቆማለሁ። ያንንም ባርኔጣ ሻጭ ልጅ ባገኘው፣ እስካሁን ድረስ ጐልማሳ ይሆናልና፣ ገብሱን እንዴት እንዳዳነ ልጠይቀው እፈልጋለሁ።